ለአነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅት የወርሃዊ ደጋፊዎች ፕሮግራም አመሠራረትና አያያዝ

በአገራችን ያሉ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ገቢ የበዓል ገቢ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአዲስ ዓመት፣ በገና፣ በፋሲካና በረመዳን ሰሞን በጉም ዱቄቱም ጥሬ ገንዘቡም ይመጣል፤ በዓሉ ሲያልፍ ግን ስልኩ ዝም ይላል። የቤት ኪራዩ፣ የሞግዚቶቹ ደመወዝና የመድኃኒቱ ወጪ ደግሞ በዓል አይጠብቁም። ይህን ክፍተት ለመድፈን አንድ ትልቅ ለጋሽ ሲጠባበቁ ከመኖር፣ በየወሩ 100፣ 200 ወይም 500 ብር የሚሰጡ ብዙ ሰዎችን በአንድ መዝገብ ሥር ማሰባሰብ የተሻለ ዋስትና ይሰጣል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ላሉትና የራሱ የገቢ ማሰባሰቢያ ክፍል ለሌለው ድርጅት ነው።

ወርሃዊ መዋጮ ለኅብረተሰባችን አዲስ ነገር አይደለም። ዕድር ትውልድ እየተሻገረ የቆየው የሚከፈልበት ቀን ስለሚታወቅ፣ ሰብሳቢው ስለሚታወቅ፣ መዝገቡ በአባላት ፊት ስለሚገለጥና የቀረ ሰው ስለሚቀጣ ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅት የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ከዕድር መውሰድ ይችላል፤ አራተኛውን፣ ማለትም ቅጣቱን፣ ግን መውሰድ አይችልም። ስለዚህ በቅጣቱ ቦታ ክትትል መግባት አለበት። ከዚህ በታች የሚቀርቡት እርምጃዎች በሙሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚነሡ ናቸው፤ ወርሃዊ የድጋፍ ፕሮግራም የሚቆመውም የሚወድቀውም በምረቃው ቀን በሚገባው ቃል ብዛት ሳይሆን፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ያልከፈለውን ሰው ማን፣ መቼና በምን ቋንቋ እንደሚያነጋግረው አስቀድሞ በመወሰኑ ነው።

አንደኛ፦ ሕጋዊውን መሠረት ማስተካከል

ድርጅቱ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ፣ ዓመታዊ ሪፖርቱን ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያቀረበና በራሱ ስም የባንክ ሒሳብ ያለው መሆን አለበት። በሥራ አስኪያጁ ወይም በመሥራቹ የግል ሒሳብና የግል ቴሌብር መዋጮ መሰብሰብ፣ ሰውየው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መቅረት አለበት። ላኪው ሰው ቁጥሩን ሲያስገባ የሚያየው የግለሰብ ስም ከሆነ ገንዘቡን ቢልክም ጥርጣሬው አብሮት ይኖራል። ከሒሳቡ ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ሰዎች ፊርማ ይሁን፤ ገንዘብ የሚቀበለውና መዝገብ የሚይዘውም አንድ ሰው መሆን የለባቸውም።

አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚገድብ፣ ለፕሮግራሙ የሚውለው የአጭር መልእክት፣ የስልክና የሠራተኛ ወጪ በዚህ ጣሪያ ውስጥ እንዴት እንደሚያዝ ከሒሳብ ባለሙያው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። በመገናኛ ብዙኃን ወይም በአደባባይ ጥሪ ለማድረግ ከታሰበ ደግሞ ባለሥልጣኑን በደብዳቤ አሳውቆ መልሱን በፋይል መያዝ ይገባል። ቦርዱ ፕሮግራሙን ያጸደቀበት ቃለ ጉባኤም ከዚሁ ፋይል ጋር ይቀመጥ።

የደጋፊዎች ስም፣ ስልክና የክፍያ ታሪክ የግል መረጃ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህን መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ ዓላማ ማዋል የጨዋነት ጉድለት ብቻ ሳይሆን የሕግ ጥያቄም ያስከትላል። የደጋፊዎችን ዝርዝር ለወዳጅ ድርጅት ማዋስ የተለመደ ቢሆንም መቆም ያለበት ልማድ ነው።

ሁለተኛ፦ የሚያስፈልገውን ገንዘብ በቁጥር ማስቀመጥ

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ድርጅት ከትምህርት በኋላ ለሕፃናት የምሳና የጥናት አገልግሎት ለመስጠት በወር 60,000 ብር ያስፈልገዋል እንበል። የአንድ ደጋፊ አማካይ መዋጮ 200 ብር ነው ብሎ ካሰላ 300 ሰው ይበቃዋል። ነገር ግን ሁሉም ሰው በየወሩ አይከፍልም። ከአራቱ አንዱ በየወሩ ሊያልፍ ይችላል ብሎ መገመት ለእቅድ ጥሩ ጥንቃቄ ነው፤ በዚህ ስሌት የሚያስፈልገው 400 ሰው ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ መመዝገብ ግን አይመከርም። በመጀመሪያ 50 ሰዎችን ብቻ ይዞ ሦስት ወር መሥራት፣ መዝገቡና ክትትሉ የት ላይ እንደሚንጠባጠብ ማየት፣ ከዚያ በኋላ በሩን መክፈት ይሻላል።

ደጋፊው የሚመርጣቸው መጠኖች ሦስት ቢሆኑ ይበቃል። አራተኛ መስመር ለራሱ ምርጫ ባዶ ይተውለት፤ 50 ብር የሚጽፍ ሰውም በመዝገቡ ላይ እኩል ስፍራ ይኑረው። «በ200 ብር አንድን ልጅ ለአንድ ወር ይመግባሉ» የመሰለ አነጋገር የሚፈቀደው ስሌቱ በእርግጥ ከሒሳብ መዝገቡ የሚወጣ ከሆነ ብቻ ነው፤ ካልሆነ መዋጮው ለየትኛው ሥራ እንደሚውል በግልጽ መናገር በቂ ነው።

ሦስተኛ፦ የክፍያ መንገዶችን መምረጥ

በየወሩ ያለ ጥያቄ ከሒሳብ ላይ የሚቆረጥ ክፍያ በውጭ አገር በባንክ ካርድ የሚፈጸም ተራ ጉዳይ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ለዚህ የሚቀርበው መንገድ የባንክ ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ፣ በተለምዶ ስታንዲንግ ኦርደር የሚባለው ነው። ደጋፊው በሚጠቀምበት ባንክ ድርጅቱም ሒሳብ ካለው ነገሩ ይቀላል፤ ስለዚህ ደጋፊዎች በብዛት በሚጠቀሙባቸው ሁለት ወይም ሦስት ባንኮች ሒሳብ መክፈት ተገቢ ነው። ደጋፊውን «ባንክ ሄደው ይሙሉ» ብሎ መሸኘት ግን ጥያቄውን መቅበር ነው። የድርጅቱ ስምና የሒሳብ ቁጥር የተሞላበት፣ መጠኑና ፊርማው ብቻ የቀረ የትዕዛዝ ደብዳቤ አዘጋጅቶ መስጠት፣ ከተቻለም ከአቅራቢያው ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ጋር ተነጋግሮ አብሮ መሄድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት የአቆጣጠር ጉዳይ አለ። ብዙ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚያገኘው በኢትዮጵያ ወር መጨረሻ ሲሆን፣ የባንኩ ሥርዓት ትዕዛዙን የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ወር ሊሆን ይችላል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ትዕዛዙን በአውሮፓውያን ወር በ10ኛው ቀን ማድረግ ይመረጣል፤ ይህ ቀን በአብዛኞቹ ዓመታት በመስከረም 30፣ በኅዳር 1፣ በታኅሣሥ 1፣ በጥር 2 እያለ እስከ ነሐሴ 4 ድረስ ስለሚውል ደመወዝ በገባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሆናል። የማይመቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 10ኛ ቀን ጳጉሜን 5 ላይ ይወድቃል። የነሐሴ ደመወዝ ለዶሮ፣ ለቅቤና ለትምህርት ቤት ምዝገባ አልቆ፣ የመስከረሙ ገና ሩቅ በሆነበት በዋዜማው ከሰው ሒሳብ ላይ መቁረጥ ሰውን ማስቀየም ነው። ለዚህ ወር ክፍያው እንዲያልፍ ወይም ወደ መስከረም መጨረሻ እንዲሸጋገር በቅጹ ላይ አስቀድሞ ማስቀመጥ ብዙ ቅሬታ ያስቀራል። ጳጉሜን ራሷ የክፍያ ወር እንደማትሆን፣ የዓመቱ ክፍያ ከ12 እንደማይበልጥም ይጻፍ።

ሁለተኛው መንገድ የደመወዝ ተቀናሽ ነው። ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ፣ ግንባታው በመጋቢት 2003 ከተጀመረ በኋላ፣ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞች የአንድ ወር ደመወዛቸውን በ12 ወር ከፋፍለው የሰጡት በዚህ መንገድ ነበር፤ ገንዘቡ እጅ ሳይገባ መሄዱ ከባዱን መጠን ቀላል አድርጎታል። አንድ አነስተኛ ድርጅት ይህን ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ የግል ትምህርት ቤት ወይም ከአንድ ክሊኒክ ጋር በስምምነት ሊጀምር ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ በዚህ ዓይነት ለመቀነስ የሠራተኛውን የጽሑፍ ስምምነት የሚጠይቅ ሲሆን፣ የተቀናሾች ድምርም ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ያዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ እጅ ይፈርም፤ አለቃ ስብሰባ ጠርቶ «ሁላችንም ተስማምተናል» የሚልበት ተቀናሽ ዕድሜው አጭር ነው፣ ድርጅቱንም ያስጠላል።

ሦስተኛው የሞባይል ገንዘብ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በኋላም ኤም-ፔሳ ሲጨመር፣ 100 ብር ለመላክ ባንክ መሄድ ቀርቷል። ድርጅቱ በራሱ ስም የነጋዴ አጭር ቁጥር ያውጣ። የዚህ መንገድ ድካም ግን ደጋፊው በየወሩ ራሱ አስታውሶ መላክ ያለበት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ ለሚከፍሉ ሰዎች ማስታወሻ መላክ ግዴታ ይሆናል። ጥሬ ገንዘብም ጨርሶ አይናቅ። በገበያ ውስጥ የሚሠሩ እናቶችና ጡረተኞች የሚመርጡት ይህን ሊሆን ይችላል፤ ለእነርሱ የታወቀ ሰብሳቢ፣ ተራ ቁጥር ያለው የደረሰኝ ጥራዝና የተሰበሰበው ገንዘብ በማግስቱ ባንክ የሚገባበት ደንብ ያስፈልጋል።

አራተኛ፦ መዝገቡን ማደራጀት

ብዙ ፕሮግራም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ገንዘቡ ይገባል፣ ከማን እንደገባ ግን አይታወቅም። ባንኩ የሚያሳየው ስም በአንድ ቃል የተቆረጠ ይሆናል፤ ሚስት በባሏ ስልክ ትልካለች፤ በመዝገቡ ላይ ደግሞ ሦስት አበበ ከበደ ይኖራሉ። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ደጋፊ ባለ አራት አኃዝ የደጋፊ ቁጥር ሰጥቶ ገንዘብ በሚልክበት ጊዜ በምክንያት መጻፊያው ቦታ ላይ ይህን ቁጥር ብቻ እንዲጽፍ መጠየቅ ነው። ቁጥሩ በካርድ ታትሞ ወይም በስልክ ተልኮ በእጁ ይኑር።

መዝገቡ ተራ የኤክሴል ሠንጠረዥ ቢሆን ይበቃል። በአግድም የደጋፊው ቁጥር፣ ሙሉ ስሙ እስከ አያት፣ ስልኩ፣ የሚከፍልበት መንገድና ቃል የገባው መጠን ይሰፍራል፤ ቀጥሎ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ያሉት 12 አምዶች ይከተላሉ፤ በየሳጥኑ የሚጻፈው ገንዘቡ የገባበት ቀንና የግብይት መለያው ነው። መጨረሻ ላይ «ሁኔታ» የሚል አንድ አምድ ይጨመር፤ በውስጡም «ንቁ»፣ «በእረፍት ላይ» ወይም «ያቆመ» ተብሎ ይጻፍ። ሠንጠረዡ በሁለት ሰዎች እጅ ብቻ ይኑር፣ በይለፍ ቃልም ይቆለፍ።

በቴሌግራም የሚላክ የደረሰኝ ስክሪንሾት መረጃ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ሳጥኑ የሚሞላው ገንዘቡ በባንክ ስቴትመንት ወይም በሞባይል ገንዘብ ሪፖርት ላይ ሲታይ ብቻ ነው። ይህን ማስታረቅ፣ ማለትም መዝገቡን ከባንኩ ሪፖርት ጋር ማመሳከር፣ በየሳምንቱ መሥራት ይገባል፤ ለወር መጨረሻ የተተወ ማስታረቅ ለሩብ ዓመት ይተዋል፣ ከዚያም ላንዴና ለሁልጊዜ ይቀራል። ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ «ያልተለየ» በሚል መስመር ተይዞ እስኪጣራ ይቆይ እንጂ በግምት ለአንድ ሰው አይጻፍ።

ነጋዴ ደጋፊዎች ሕጋዊ የገቢ ደረሰኝ ይፈልጋሉ፣ ምክንያትም አላቸው። በ2008 የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ለንግድ ገቢ ግብር ከፋዮች የበጎ አድራጎት ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ሳይበልጥ በተቀናሽ ወጪነት እንዲያዝ ፈቅዷል። ደመወዝተኛው ይህ ጥቅም ስለሌለው ለእርሱ የዓመቱን መዋጮ የሚዘረዝር አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያዎቹን ሰዎች መጠየቅ

ከማያውቁት ሰው መጀመር ትርፉ ድካም ነው። ድርጅቱን በዓይናቸው ያዩት ቀድመው ይጠየቁ። ለልደት፣ ለሠርግ ወይም ለሙት ዓመት ምሳ ለማብላት ወደ ድርጅቱ የሚመጡ ቤተሰቦች ከሁሉ የተሻሉ ናቸው፤ ሥራውን አይተዋል፣ ከአረጋውያኑ ወይም ከሕፃናቱ ጋር ማዕድ ቆርሰዋል። ነገር ግን በዚያው ቀን፣ እንጀራው ገና ሳይነሣ ቅጽ ማደል ነውር ነው። ስልካቸውን በእንግዳ መዝገብ ላይ አስፍሮ በሳምንቱ አመስግኖ መደወልና ከዚያ በኋላ መጠየቅ ይገባል። የቀድሞ በጎ ፈቃደኞች፣ የቦርድ አባላት ባልደረቦችና በአካባቢው ያሉ ነጋዴዎች ይከተላሉ። የቦርዱ አባላት ራሳቸው በመዝገቡ ላይ ከ1 እስከ 10 ያለውን ቁጥር ይያዙ፤ ያልከፈለ ቦርድ ሌላውን ክፈል ሊል አይችልም።

አሥራት የሚያወጣ ምእመን አሥራቱን ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ዘካ የሚያወጣም ዘካውን ሃይማኖቱ ባዘዘው መንገድ እንደሚሰጥ ታውቆ ወርሃዊው መዋጮ ከእነዚህ ጋር እንዳይጋጭ በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። ቅጹ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ስም፣ ስልክ፣ መጠን፣ የክፍያ መንገድ፣ የክፍያ ቀን፣ ስሙ በይፋ እንዲጠራ ፈቃደኛ መሆን አለመሆኑ፣ በመጨረሻም «በማንኛውም ጊዜ በአንድ የስልክ ጥሪ ማቆም እችላለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኑረው። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሰዎችን ያሸሻል ብለው የሚፈሩ አሉ፤ በእኔ አመለካከት ሰው በድፍረት የሚፈርመው መውጫው ሲታየው ነው።

ስድስተኛ፦ ወሩን በሥርዓት ማስኬድ

ወሩ አንድ ዓይነት ዑደት ይኑረው፤ የዚህ ሁሉ ኃላፊም በስም የሚታወቅ አንድ ሠራተኛ ይሁን። ራሳቸው ለሚልኩ ደጋፊዎች ደመወዝ በሚገባበት ሰሞን አጭር ማስታወሻ ይላካል። ገንዘቡ በገባ በሦስት ቀን ውስጥ ደግሞ እንዲህ የሚል ምላሽ ይድረሳቸው፦

«ወ/ሮ አልማዝ፣ የኅዳር ወር ድጋፍዎ 200 ብር ኅዳር 3 ቀን ደርሶናል። የደጋፊ ቁጥርዎ 0147 ነው። እናመሰግናለን።»

ወሩ ተጋምሶ ገንዘቡ ካልታየ የሚላከው መልእክት ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «አልከፈሉም» ወይም «ረስተዋል» የሚሉት ቃላት አይግቡበት፤ ሰውየው ባለዕዳ አይደለምና። ጥፋቱን ወደ መዝገቡ አዙሮ መጻፍ ይሻላል፦

«ወ/ሮ አልማዝ፣ እንደምን ሰነበቱ? የታኅሣሥ ወር ድጋፍዎን በመዝገባችን ላይ አላገኘነውም። ልከውት ከሆነ ቀኑን ይንገሩንና እኛ እንፈልገዋለን። ይህ ወር ካልተመቸዎትም ማለፍ ይችላሉ፤ ቁጥርዎ እንደተጠበቀ ነው።»

በሁለተኛው ወርም ካልገባ መልእክት መላኩ ይቁምና ስልክ ይደወል። የሚደውለው ሰው ስለ ገንዘቡ ከማንሣቱ በፊት ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ ይጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሕመም፣ ሥራ መልቀቅ ወይም ለቅሶ ሆኖ ይገኛል። ለቅሶ ከሆነ ድርጅቱን ወክሎ አንድ ሰው ሄዶ ይድረስ። በሦስተኛው ወር ስሙ «በእረፍት ላይ» ወደሚለው ይዛወርና ማስታወሻ መላኩ ይቆማል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ የሥራ ዜና ብቻ ይደርሰዋል። ያለፉትን ወራት ደምሮ «ውዝፍ» ብሎ መጠየቅ በምንም ዓይነት አይፈቀድ።

በየሩቡ ዓመት ለሁሉም ደጋፊዎች አንድ ገጽ ሪፖርት ይላክ፤ ስንት ብር ገባ፣ በምን ላይ ዋለ፣ ምን ሳይሳካ ቀረ የሚለው ይበቃል። የሕፃናትና የሕሙማን ፊት የሚታይበት ፎቶግራፍ ገንዘብ ለመሳብ አይውል። «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» በሚል እምነት ያደገ ሰው ስሙ በስብሰባ ላይ ሲጠራ ደስ ላይለው ስለሚችል፣ በቅጹ ላይ ያልፈቀደ ሰው ስም የትም አይውጣ።

ሰባተኛ፦ በውጭ አገር ያሉ ደጋፊዎች

በ2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ዳያስፖራው በቀን 1 ዶላር እንዲያዋጣ ያቀረቡት ጥሪና ከእርሱ የተወለደው የዳያስፖራ ትረስት ፈንድ ጥያቄው በትንሽ ቁጥር ሲቀርብ ለጆሮ እንደሚቀል አሳይቷል። አሰባሰቡ ግን በወር 30 ዶላር ቢሆን ይሻላል፤ የካርድ ክፍያ ድርጅቶች ከመቶኛ በተጨማሪ በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ ቋሚ ሳንቲም ይቆርጣሉ። 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም በሚቆረጥበት አሠራር ከ5 ዶላር ላይ 45 ሳንቲም ገደማ፣ ማለትም 9 በመቶ ያህል ይሄዳል፤ ከ30 ዶላር ላይ ግን ወደ 4 በመቶ ይወርዳል።

በአሜሪካ የሚኖር ሰው ለውጭ አገር ድርጅት በቀጥታ የሰጠውን ከግብሩ ማስቀነስ አይችልም። ስለዚህ እዚያ 501(c)(3) በሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የግብር ሕግ ክፍል ሥር የተመዘገበ አጋር ድርጅት መፈለግና በሁለቱ መካከል የጽሑፍ ስምምነት ማድረግ ያስፈልጋል። በብሪታንያ የተመዘገበ አጋር ካለ በጊፍት ኤይድ አሠራር ግብር ከፋዩ በሰጠው በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ከመንግሥት ይጨመራል። በባህረ ሰላጤው አገሮች ግን ጥንቃቄው ሌላ ነው። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2021 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የመዋጮ ሕግ ፈቃድ የሌለው ሰው ገንዘብ እንዳይሰበስብ ይከለክላል፤ በዚያ ያለችን እኅት «ከጓደኞችሽ ሰብስቢልን» ማለት እርሷን ለአደጋ ማጋለጥ ነው። እያንዳንዷ በራሷ ስም በባንክ ወይም በሕጋዊ ሐዋላ ወደ ድርጅቱ ሒሳብ እንድትልክ ብቻ ይነገራት።

ስምንተኛ፦ መጠኑን በየዓመቱ እንደገና መጠየቅ

የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ቀድሞ ቃል የተገባ 200 ብር የሚገዛው ጤፍና ዘይት ቀንሷል። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ደጋፊዎች መጠኑን እንዲያዩት መጠየቅ ያስፈልጋል። ወቅቱ መስከረም አይሁን፤ የትምህርት ቤት ክፍያ ጋብ የሚልበት ኅዳር ይመረጣል። ደብዳቤው የአምናውንና የዘንድሮውን የወር ወጪ ጎን ለጎን ያሳይ፤ ከዚያም «ባለበት ይቀጥል»፣ «ይጨመር»፣ «ይቀነስ» የሚሉ ሦስት ምርጫዎችን ያቅርብ። «ይቀነስ» የሚለውን ማስቀመጥ የከበዳቸው የቦርድ አባላት ቢኖሩም መቅረት የለበትም፤ ኑሮ የከበደው ሰው ከ500 ወደ 100 ዝቅ የሚልበት በር ካላገኘ ጨርሶ ያቆማል። መልስ ያልሰጠ ሰው መጠኑ ባለበት ይቀጥላል፤ ያለ ፊርማው አንዲት ብር አይጨመርበትም።